ኮንዶሚኒየም ላይ መብራት ለመቆጠብና ቤቱን ለኑሮ ምቹ ለማድረግ ከየት ይጀመራል? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ የካ አባዶ ጂ+4 ህንፃ ላይ የምትኖር የነዋሪዎች ማህበር ኮሚቴ አባል የሆነች እህት ናት የጠየቀችው። ላይኛው ፎቅ ያሉት ቀን በሙቀት ማታ በብርድ ተቸግረዋል፣ የመብራት ሂሳብ እየጨመረ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኃይሉ ይወርዳል አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፣ ማህበሩ ትንሽ ያጠራቀመው ብር አለ። ጀርመን ያለው ወንድሟ "ግድግዳውን ከውጭ በፎም አልብሱት" ይላታል፣ ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሶላር እንትከል የሚል አለ። ከምን እንጀምር ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ከዛ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ምጣድና ቦይለር፣ ከነሱ ጋር የደረጃ መብራቱና ሽቦው፣ ቀጥሎ ጣሪያው። ግድግዳውን ተዉት፣ ሶላር ፓኔሉ ደግሞ መጨረሻ ይሁን። ስራዬ የህንፃ ኤሌክትሪክና የኢነርጂ ፍተሻ ስለሆነ ብዙ ኮንዶሚኒየም አይቻለሁ፣ ብሩ ያለቦታው ሲፈስም አይቻለሁ፣ ለዛ ነው እንዲህ ረዘም አድርጌ የምፅፍልሽ።

የወንድምሽ ምክር እሱ ባለበት ሀገር ትክክል ነው። ጀርመን አንድ ቤት ከሚጠቀመው ኢነርጂ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ቤቱን ለማሞቅ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እዛ ግድግዳ ሲለብስ በቀጥታ የማሞቂያ ሂሳብ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር እና ከዛ በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል ግን ጋቢ ደርበን ነው የምናልፈው፣ ማሞቂያ አብርቶ የሚከርም ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ኤሲ ያለው ቤት ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ያልተከፈለ የማሞቂያ ሂሳብ በፎም አይቀነስም እኮ። በዛ ላይ መሀል ፎቅ ያሉት ቤቶች ከላይም ከታችም ኮንክሪት አለ፣ በጎን ጎረቤት አለ፣ ብሎኬቱና ስላቡ ቀን የወሰደውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ስለሚመልስ ደህና ናቸው። ችግሩ ያለው ከጣሪያው ስር ባሉትና በተለይ ጥግ ላይ ባሉት ቤቶች ነው። ለነሱ ተብሎ ህንፃውን በሙሉ ፎም ማልበስ ትልቅ ብር ነው፣ ያውም በደንብ ካልተለሰነ ዝናብ ይገባበታል፣ ተራው ፎም ደግሞ እሳት ይወዳል።

እሺ ታዲያ ኃይሉ የት ነው የሚሄደው? ቁጭ ብለን እናስላው። ብዙው ቤት ያለው የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው፣ 3.5 ብለን እንያዝ። አንድ ዙር መጋገር ከማሟሻው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ያ ማለት ከ5 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው መለኪያ) ነው፣ በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር ከ45 እስከ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለእንጀራ ብቻ ያወጣል ማለት ነው። ቦይለር ደግሞ ባለ 50 ሊትሩን እንውሰድ፣ 17 ዲግሪ የነበረ ውሃ 60 ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሰው 30 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቢታጠብ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ በቀን ሦስት ሰው ቢታጠብ በወር 70 ይደርሳል። በዛ ላይ ቦይለሩ 24 ሰዓት በርቶ የሚቀመጥ ከሆነ ማንም ሳይነካው በጎኑ እየቀዘቀዘ እንደገና እየሞቀ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያባክናል፣ እንግዲህ በወር 30 ያህሉ ለምንም ነው የጠፋው። አምፖሉ፣ ቲቪው፣ የስልክ ቻርጀሩ ከነዚህ አጠገብ ሲቀመጡ ትንንሽ ናቸው። ቤተሰብ ልጁን "መብራት አጥፋ" እያለ ሲቆጣ ቦይለሩ ሻወር ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት በርቶ ያገኘሁበት ቤት ብዙ ነው።

ይሄ ለምን አሁን ይበልጥ ያሳስባል ካልሽኝ ታሪፉ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ የሚሄድ ታሪፍ ነው ያለው፣ እሱም በእርከን ነው፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ እስከ 500ና ከዛ በላይ ይሄዳል፣ እርከኑ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከ230 ወደ 190 መውረድ 40ውን ከመቆጠብ የበለጠ ነገር አለው፣ ውዱን እርከን ነው የምትለቁት። አንድ ቆጣሪ ላይ ደባልና ተከራይ ጨምሮ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ያለበት ቤት ደግሞ ሁሌም ላይኛው እርከን ላይ ነው የሚገኘው፣ አቅም ካለ ቆጣሪ ማስለየት ለሁሉም ይሻላል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የናቀው እሱን ነው። የቤታችሁን ምጣድ ሲቀዘቅዝና ከሶኬት ሲነቀል ገልብጣችሁ እዩት። ሸክላው ከስር የተቦረቦረ መስመር አለው፣ እዛ ውስጥ ሬዚስታንሱ ተጠምዝዞ ተቀምጦ በጀሶ ተደፍኗል፣ ከዛ በታች ብዙ ጊዜ ያለው ባዶ አየርና ስስ ላሜራ ብቻ ነው። እየተጋገረ እያለ እጃችሁን ከላሜራው ስር ጠጋ ብታደርጉ የሚሰማችሁ ሙቀት በሙሉ የከፈላችሁበት ነው። ከስር በፋይበር ግላስ ወይም ሙቀት በሚችል ሱፍ የታሸገ፣ ሸክላው ስስና እኩል የሆነ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ምጣድ ግን ቶሎ ይግላል፣ አንዴ ከጋለም አልፎ አልፎ ማጥፋት ይቻላል። ሸክላው ወፍራም ከሆነ ለማሟሸት ብቻ 15 እና 20 ደቂቃ ይበላል። አዲስ ስትገዙ ሻጩ "ኃይለኛ ነው" ካለ ዋቱን እያወራ ነው፣ እናንተ ስሩን አስከፍታችሁ ምን እንዳለበት እዩ። ያለውን ምጣድ ደግሞ ምጣድ የሚሰራ ባለሙያ ጋ ወስዶ ከስር ማሳሸግ ይቻላል፣ ብዙም አያስወጣም። ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ ጨርቅና ፎም እንዳትጠቀጥቁበት ግን፣ እሳት ነው የሚሆነው።

አጋገሩ ላይም ቀላል ነገር አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል፣ ልምድ ያላቸው እናቶች ይሄን ድሮም ያደርጉታል። ሊጡ ሁለት ዙር የሚሆን ከሆነ በአንድ ቀን መጨረስ፣ ወይ ሁለት ጎረቤት ተነጋግሮ አንዱ ሲጨርስ ሌላው በዛው የጋለ ምጣድ መቀጠል፣ የማሟሻውን ወደ 1 የሚጠጋ ኪሎዋት ሰዓት ያስቀራል።

የቅዳሜው ችግርስ? እሱም ምጣዱ ነው። ሰፈር ውስጥ የተለመደ ባለ 315 ኬቪኤ (ቢበዛ 315 ኪሎዋት ገደማ የሚሸከም) ትራንስፎርመር አለ እንበል፣ 90 ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ 315 ኪሎዋት ሞላ፣ ቦይለሩና ምድጃው ገና አልተቆጠረም። አንድ ሳይት ላይ 90 ቤት ማለት ሁለት ሦስት ብሎክ ነው እንግዲህ። ትራንስፎርመሩ ሲጨናነቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የማያስተውለው ነገር ያለው። ምጣዱ የተሰራው ለ220 ቮልት ነው፣ ቮልቴጁ 180 ከሆነ የሚወስደው ኃይል በ40 ቮልቱ ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ በካሬ (በቮልቴጁ ብዜት በራሱ) ነው የሚወርደው፣ 3.5 የነበረው 2.3 ኪሎዋት አካባቢ ይሆናል። ጥሩ ቀነሰ አትበይ። ምጣዱ ሲግል በየጎኑ የሚያባክነው ሙቀት ያው ነው፣ 1 ኪሎዋት ነው ብንል፣ በሙሉ ኃይል 2.5ቱ እንጀራውን ያበስላል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ግን ለእንጀራው የሚተርፈው 1.3 ብቻ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃው የነበረው 4.4 ይበላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲጥድ ሁሉም ለዛው እንጀራ ከፍ ያለ ሂሳብ ይከፍላል፣ ሩብ ያህል ጭማሪ ነው። አንዳንዱ ያኔ ተስፋ ቆርጦ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ከሰሉ ላይ በኋላ እመጣለሁ።

ለዚህ መፍትሄው ብር አይጠይቅም፣ ስብሰባ ነው የሚጠይቀው። ብሎኮቹ ተነጋግረው የመጋገሪያ ቀን ይከፋፈሉ፣ ይሄ ብሎክ ማክሰኞና አርብ፣ ያኛው ረቡዕና ቅዳሜ፣ የሚሰራ ሰው ያለበት ቤት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ምናምን ተብሎ። መቶ በመቶ አይከበርም፣ ግን ግማሹ እንኳ ቢያከብረው ቮልቴጁ ላይ ይታያል። ቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ አይደል፣ እዛው ላይ ይለጠፍ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለኔ በጣም የሚያንገበግበኝ ነው። ኮንዶሚኒየም በ1996 እና 97 አካባቢ ሲጀመር ዲዛይኑ ውስጥ ለየተወሰነ ብሎክ የጋራ መገልገያ ህንፃ ነበረው፣ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የታሰበ። ያሰቡት ሰዎች ትክክል ነበሩ። ብዙ ቦታ ላይ ግን ወይ ለሱቅ ተከራየ ወይ መጋዘን ሆነ፣ ምጣዱ ሁሉም ጠባብ ኪችን ውስጥ ገባ፣ እንፋሎቱና ጭሱ ግድግዳውን አሻገተው፣ ለምጣድ ያልታሰበ የኪችን ሽቦም ጋለ። የናንተ ኮሙናል (ይሄ የጋራ ህንፃ) እስካሁን በማህበሩ እጅ ከሆነ አንዱን ክፍል ሦስት ፌዝ (ሦስት የኃይል መስመር) ያለው የራሱ ቆጣሪ አስገብታችሁ፣ ከስር በደንብ የታሸጉ አራት አምስት ምጣዶች ተክላችሁ በተራ የሚጋገርበት ብታደርጉት፣ ምጣዶቹ ቀኑን ሙሉ ሳይቀዘቅዙ ይሰራሉ፣ ጭነቱም ሦስቱ ፌዝ ላይ እኩል ይከፋፈላል፣ የተከራዩ ሰዎችም ስቱዲዮ ቤታቸው ውስጥ ከእንፋሎት ያርፋሉ። ቆጣሪውን ለማስገባት ደጅ መጥናቱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በማህበር ስም ሲጠየቅ ከግለሰብ ይሻላል።

"ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ የለ፣ 5,150 ሜጋዋት እያለን ምን አስጨነቀን" የሚል ሰው ኮሚቴያችሁ ውስጥ አይጠፋም። ግድቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ሁላችንም ያዋጣንበት ነው፣ ግን ከግድቡ እስከ ምጣዱ መሀል ሰብስቴሽን አለ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፣ ደረጃው ስር ያለው የቆጣሪ ሳጥን አለ፣ ቤት ውስጥ ያለ ቀጭን ሽቦ አለ። ቅዳሜ የሚወድቀው ከነዚህ አንዱ ነው።

ሽቦ ካልኩ አይቀር፣ 3.5 ኪሎዋት ለ220 ሲካፈል 16 አምፒር ነው። ተራ ሶኬት የሚችለው ጥግ ላይ ማለት ነው፣ ያውም ጥሩ ሶኬት ከሆነ። ምጣድ ስትጋግሩ ሶኬቱን ወይ ፊሹን በእጅ ስትነኩት የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይ ነጩ ፕላስቲክ ቡኒ ከሆነ፣ ኃይሉ እዛ ላይ እየባከነ ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ ይቃጠላል። ለምጣዱ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቀጥታ ከሳጥኑ ማስሳብ ነው መፍትሄው፣ ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድ መሰካት ፈፅሞ አይሆንም። ሌላ ፍተሻ ደግሞ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል፦ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ብሬከር አጥፉና የቆጣሪውን ቀይ መብራት እዩ፣ ብልጭ ማለቱን ከቀጠለ ወይ የሚያፈስ ሽቦ አለ ወይ ከናንተ መስመር ሌላ ሰው ስቧል። ሁለቱም አጋጥሞኛል።

ቦይለሩን በሚመለከት፣ ቴርሞስታቱን ወደ 60 ዲግሪ አውርዱት፣ ብዙው ሲገጠም ጥጉ ድረስ ተጠምዝዞ ነው የሚተወው። ከዚህ በታች ግን አትሂዱ፣ ለብ ያለ ውሃ ታንከር ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ያራባል። ከመታጠብ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት በፊት ማብራት ሲያበቁ ማጥፋት፣ የሚረሳ ቤተሰብ ከሆነ ታይመር መግጠም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ታንከሩ ባዶ ሆኖ በርቶ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል፣ ይሄ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ቀጥታ የሚያሞቀው የሻወር ሂተር ተቀምጦ አያባክንም፣ ጥሩ ጎኑ እሱ ነው፣ ግን በአንዴ 5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚስብ ሁሉም ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢከፍተው ትራንስፎርመሩን የሚጥለው ምጣዱ ሳይሆን እሱ ይሆናል፣ የቤቱ ሽቦም ብዙ ጊዜ አይችለውም።

ሶላር ለሚለው ሰውዬ እኔ የምለው፣ በፓኔሉ ፋንታ በፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ቢጀምርስ? አዲስ አበባ ፀሐይ አላት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ልክ ሙቅ ውሃ በሚያስፈልገን ሰሞን። እስራኤል ያላችሁ ዱድ ሼሜሽ የምትሉትን ታውቁታላችሁ፣ እዛ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ህንፃ ላይ በህግ ግዴታ ነው፣ ውሃ ለማሞቅ ኤሌክትሪክ የሚያበሩት በብዛት ደመና ሲሆን ነው። እኛ ጋ ሲገጠም ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው ክብደት ነው፣ ባለ 200 ሊትር ታንከር ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ እንዲሁ አይጫንም፣ ብረት ፍሬም ተሰርቶ ጭነቱ ቢምና ኮለን ላይ እንዲያርፍ መሃንዲስ ማየት አለበት። ሁለተኛው ውሃው ነው፣ የመስታወት ቱቦ ያለው አይነት ውሃ ጠፍቶ ባዶውን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ከሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲገባበት ቱቦው ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሮቶው ይስተካከል፣ ማሞቂያው ሁሌ ውሃ እንዲኖረው ተደርጎ ከሮቶው በታች ይገጠም፣ ደርቆ ከዋለም ማታ እንጂ ቀን አይሞላ።

ፓኔልና ባትሪው መጥፎ ስለሆነ አይደለም መጨረሻ ያልኩት። አንድ የምጣድ ዙር ከባትሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጣል፣ ይሄን የሚችል ባትሪና ኢንቨርተር ለየቤቱ መግዛት የማህበሩን ብር በሙሉ ይጨርሳል። ለደረጃ መብራት፣ ለዋይፋይ፣ ለስልክ ቻርጅ ከሆነ ግን ትንሽ ሲስተም ይበቃል፣ ኋላ ላይ ታደርጉታላችሁ።

የደረጃው መብራት ደግሞ የማህበሩ ቀጥተኛ ወጪ ስለሆነ ነገውኑ ማስተካከል የሚቻል ነው። አምስት ባለ 60 ዋት አምፖል ቀንም ማታም ቢበራ በወር 216 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀይራችሁ ሲመሽ ብቻ እንዲበራ ሴንሰር ብትገጥሙለት 16 ይሆናል። ውሃ በፓምፕ የምትስቡ ከሆነ የሚያፈሱ የሽንት ቤት ሲፎኖችንና የሮቶውን ተንሳፋፊ አስጠግኑ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ አራተኛ ፎቅ የወጣው በመብራት ነው።

አሁን ጣሪያው። እዚህ ጋ ሂሳብ ብዙም አይቀንስም፣ ሰዎቹ ግን ይድናሉ፣ ልጅና አዛውንት ያለበት ቤት ደግሞ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከአናት በላይ ናት፣ ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ወደ 1,000 ዋት ይወርድበታል። 10 ካሬ መኝታ ቤት ማለት እንግዲህ 10 ኪሎዋት፣ ሦስት ምጣድ ተጥዶበት እንደማለት ነው። ጥቁር ቀይ ወይ ቡኒ ቆርቆሮ አብዛኛውን ይመጠውና ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ከስሩ ያለው ስስ ኮርኒስ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። ማታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደላይ ይለቅና ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ ታህሳስ ላይ ጠዋት ከኮርኒሱ ውሃ የሚንጠባጠበው ጣሪያው አፍስሶ ሳይሆን የቤቱ እርጥበት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ።

ስራው በቅደም ተከተል መሄድ አለበት። መጀመሪያ ክረምት ሳይገባ የዛገውና የተበሳው ይጠገን፣ የሚስማሮቹ ጎማ ይቀየር፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ ምክንያቱም የረጠበ ሱፍ ምንም አይከላከልም። ከዛ ቆርቆሮውን ነጭ ወይ ሙቀት የሚመልስ ቀለም መቀባት፣ ይሄ የቀኑን ሙቀት በጣም ይቀንሳል፣ የማታውን ብርድ ግን አይነካም። ለብርዱ ከኮርኒሱ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስ ወይም ሮክ ውል መዘርጋት ነው፣ ይሄ በኮርኒሱ በኩል የሚያልፈውን ሙቀት ወደ ሩብ ገደማ ያወርደዋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ዝናብ ሲመታ ያለውን ጩኸትም ያፍነዋል። በሱፉና በቆርቆሮው መሀል አየር ይለፍ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀዳዳው አይደፈን። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሱፉ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በቱቦ ይሁን፣ ተራ ነጭ ፎም ከሽቦ አጠገብ አይቀመጥ። የሚዘረጋው ሰው ጓንትና ማስክ ያድርግ፣ ብናኙ ቆዳ፣ ዓይንና መተንፈሻ ያስቆጣል።

"የላይኛው ፎቅ ጣሪያ የላይኞቹ ጉዳይ ነው" የሚል ክርክር ይነሳል፣ ስብሰባ ላይ ሰው የሚጣላበት ነጥብም ይሄ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሰረት ከግል ቤቱ ውጪ ያለው የህንፃው ክፍል የጋራ ነው፣ ጣሪያውም ደረጃውም። ስለዚህ የቀለሙና የጥገናው ወጪ የሁሉም ነው፣ በዛው ልክ ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ብቻውን ተነስቶ ጣሪያው ላይ የፈለገውን መትከል አይችልም። ከኮርኒሱ በላይ የሚዘረጋውን ሱፍ ግን ባለቤቶቹና ማህበሩ እኩል ቢጋሩት ፍትሃዊ ይመስለኛል፣ እናንተ ተነጋገሩበት።

መስኮትና በር ላይ፣ ኤልቲዜድ መስኮቶቹ ብረት ስለሆኑ ጠርዛቸው ላይ ክፍተት አለ፣ የጎማ ማሸጊያ መለጠፍና መስታወቱን የያዘው ስቱኮ የረገፈበትን መሙላት ለማታው ንፋስ ጥሩ ነው። ከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት በምዕራብ በኩል ያለ መስኮት ከውጭ በሸራ ቢጠለል ከውስጥ ካለ ወፍራም መጋረጃ ይሻላል፣ ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መጋረጃ ቢኖርም ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው።

ግን እባካችሁ ይሄን አስምሩበት፦ የኪችንና የሽንት ቤቱን አየር ማስወጫ አትድፈኑ። ከላይ ከሰል ያልኩት ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ወጥ በከሰል ይሰራል፣ ቡና በከሰል ይፈላል፣ ማታ ብርድ ነው ተብሎ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። የከሰል ጭስ ባይታይም የሚገለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ቤቱን አጥብቃችሁ በዘጋችሁት ቁጥር ይሄ አደጋ ይጨምራል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ተኝታችሁ ደግሞ በፍፁም፣ ኮሚቴው ይሄን ለየቤቱ ሳያስረዳ የመስኮት ማሸጊያ ባያከፋፍል ይሻላል።

በእጃችሁ ላለው ብር እኔ የማየው እንዲህ ነው። በዚህ ወር የደረጃ መብራቱና የመጋገሪያ ቀን ክፍፍሉ፣ ሁለቱም ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ ከደረጃው መብራት የሚተርፈውን ለይታችሁ አስቀምጡት። ከዛ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀጥራችሁ የየቤቱን የምጣድ ሶኬትና የቆጣሪ ሳጥኑን ያስፈትሹ። ዋናውን ብር ጣሪያው ላይ አውሉት፣ የካቲት መጋቢት ላይ ተጀምሮ ግንቦት ሳያልቅ እንዲጠናቀቅ። ምጣድ ማሳሸጉን ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ቤት ላይ ጀምሩት፣ ከመታሸጉ በፊትና በኋላ አንድ ዙር ሲጋገር ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ይፃፉት፣ ልዩነቱን ግሩፑ ላይ ሲያዩ ሌላው ጎረቤት ራሱ ይመጣል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ትክክለኛ ምክር ለመስጠት የጎደለኝ ነገር ቢኖር የጣሪያችሁ ነው፣ ከላይ ኮንክሪት ስላብ ኖሮት ነው ቆርቆሮው ያረፈው ወይስ ከኮርኒሱ በላይ ቀጥታ ቆርቆሮ ነው? ስላብ ካለው ሱፉ ስላቡ ላይ ነው የሚዘረጋው፣ ስራውም በጣም ይቀላል። በኮርኒሱ መግቢያ በኩል ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና የሱፉን ውፍረትና የሚፈልገውን ካሬ አብረን እናሰላዋለን።